«እኔ» የሚለው ሰው
ስለ ግለሰብና ስለ ጨቋኝ ሥልጣን በልብ ወለድና በሲኒማ

(በማውንትሌክ ቴራስ በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



 እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ ልብ ወለድና ስለ ሲኒማ ነው። አንዳንድ ወንድሞች «አገር በችግር ላይ ሳለች ስለ ተረት መነጋገር ምን ይጠቅማል?» ብለው እንደ ጠየቁ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፍርዱን ግን ንግግሬ እስኪያልቅ እንድታቆዩልኝ እለምናለሁ።

ከስብሰባው በፊት በር ላይ ቆመን ስንጨዋወት አንድ ወንድም ስለ አገራችን ጉዳይ ሐሳቡን ተጠየቀ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ግራና ቀኙን ተመለከተ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። በማውንትሌክ ቴራስ እኛን የሚያዳምጥ የቀበሌ ካድሬ የለም። ታዲያ ይኸ ወንድም የፈራው ማንን ነው? ከአገር ይዞት የመጣውን ፍርሃት ነው እንል ይሆናል። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የፈራው እኛን ነው። የዛሬው ንግግሬ ጠቅላላ ፍሬ ነገር ከዚህ አይርቅም።

ሃያኛው መቶ ዓመት አንድ አዲስ ዓይነት ልብ ወለድ አምጥቷል። የቀድሞ ደራስያን ሁሉም የተሟላበትንና ሁሉም የሚደሰትበትን አገር በሐሳባቸው ይሠሩ ነበር፤ እነዚህኞቹ ግን ያ አገር በእርግጥ ቢሠራ ሰው ምን እንደሚሆን አሳዩ። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛሚያቲን «እኛ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ አላቸው፤ የሚኖሩትም በመስተዋት ቤት ነው። መጽሐፉ በ1924 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በኒውዮርክ ሲታተም፣ በገዛ አገሩ ግን እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳይታተም ቆይቷል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ደግሞ «1984» የተባለውን መጽሐፉን በ1949 እ.ኤ.አ. አወጣ። የዚህ ልብ ወለድ ባለታሪክ የመጀመሪያ ወንጀሉ ቦምብ መወርወር አይደለም፤ በክፍሉ ጥግ ተቀምጦ የግል ማስታወሻ መጻፍ ነው። ሬይ ብራድበሪ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ ፍራንሷ ትሩፎም በ1966 እ.ኤ.አ. ወደ ፊልም ባዛወረው «ፋራናይት 451» መጽሐፍ ሁሉ ይቃጠላል፤ ከእሳቱ ያመለጡት ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው አንዳንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው በጫካ ይኖራሉ። ዳዊቱንና ቅኔውን በቃል ሲያጠና ለኖረው ለእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ይኸ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

እነዚህን ድርሰቶች ሁሉ የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለ። የጥንት ጨቋኝ የሚፈልገው ግብርና መታዘዝ ነበር። ገበሬው እጅ ነሥቶ ግብሩን ከከፈለ በልቡ የፈለገውን ቢያስብ፣ ማታም በቤቱ ቢራገም የሚጠይቀው አልነበረም። አዲሱ ጨቋኝ ግን በዚህ አይጠግብም። የሚፈልገው ልብን ነው። ሰው ዝም ማለቱ አይበቃውም፤ እልል እንዲል ይፈልጋል። ስለዚህም ትልቁ ጠላቱ ሠራዊት ያለው ባላጋራ ሳይሆን ብቻውን ተቀምጦ «እኔ ግን እንደዚህ አይመስለኝም» የሚለው ሰው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፉን በ1955 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ ለአማርኛ አንባቢ ያቀረበው ሐሳብ እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፤ በእናቱ ማኅፀን ያለ ጽንስ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። ከዚህ የበለጠ ብቸኛ ሰው፣ ከዚህ የበለጠ መሣሪያ የሌለው ተቃዋሚ ከየት ይገኛል? ያለው ነገር «እምቢ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ያም ሆኖ መንግሥት መጽሐፉን አገደው። ያልተወለደ ሕፃን የተናገረውን ቃል የፈራ መንግሥት ምን ያህል በራሱ የሚተማመን እንደ ነበረ እናንተው ገምቱ።

ከዚያ ዘመን በኋላ የመጣው ደግሞ ከልብ ወለድም ባሰ። በዓሉ ግርማን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንደ እኛ በዚህ አገር የተማረ ሰው ነበር፤ ጋዜጠኝነትን ያጠናው በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ በመጽሔትና በጋዜጣ አዘጋጅነት ሠራ፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ በኤርትራ ሲጀመር እሱም ለቅስቀሳው ሥራ ወደ አሥመራ ከሄዱት አንዱ ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። ቃሉ በአሥመራ ከጣሊያን ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን «አለቀ፣ አከተመ» እንደ ማለት ነው። ባለታሪኩ ፀጋዬ ኃይለማርያም ለመንግሥት የሚሠራ ጋዜጠኛ ነው፤ የሚናገረው የዘመቻውን ድል ነው፤ ዓይኑ የሚያየው ግን ሌላ ነው። ልብ በሉ፤ ፀጋዬ አማፂ አይደለም፤ መፈክርም አያሰማም። ጥፋቱ ያየውን ማየቱና የወደደውን መውደዱ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። አንባቢው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ በድብቅ አነበበው። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ያ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 1984 ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዞች የኦርዌልን መጽሐፍ ፊልም አድርገው ለሕዝብ አሳዩ። በለንደን ትኬት ተቆርጦ የታየው ነገር በአዲስ አበባ ያለ ትኬት ይፈጸም ነበር።

እዚህ ላይ ካቆምሁ ግን ጥፋቱን ሁሉ በንጉሡና በደርግ ላይ ጥዬ በሰላም ወደ ቤቴ መሄዴ ነው፤ እናንተም ታጨበጭቡልኛላችሁ። ይኸ ደግሞ እውነቱ ግማሽ ብቻ ይሆናል።

ኦርዌል ካስተማረን ነገር ዋናው ጭቆና ከቃላት የሚጀምር መሆኑ ነው። «እርምጃ» የሚለውን ቃል እንመልከት። እርምጃ ማለት ሰው እግሩን አንሥቶ ወደ ፊት ሲራመድ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ሆነ። ገዳዩም «ገደልሁ» ከማለት ዳነ። «አድኃሪ»፣ «ፀረ ሕዝብ»፣ «አናርኪስት» የተባሉት ቃላት በሰው ስም ፋንታ ገቡ። አንድ ጊዜ ስሙ ከተወሰደበት ሰውየውን ማጥፋት ቀላል ነው። አሁን የምጠይቃችሁ ይኸን ነው፤ እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ሁሉም ከወታደር ሰፈር አልወጡም። ብዙዎቹ እንደዚህ ባለ አዳራሽ፣ እንደዚህ ባለ መጽሔት ላይ፣ ለአገራቸው ቅን በሚያስቡ ተማሪዎች እጅ የተሳሉ ናቸው። መኢሶን በ1968 እ.ኤ.አ. በሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1972 እ.ኤ.አ. በበርሊን ሲመሠረቱ መሥራቾቹ የአንድ ትውልድ ልጆች ነበሩ። በውጭ አገር በአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ደመኞች ሆነው ተገናኙ። በክርክር መካከል የተወረወረውን ስም ጠመንጃ የያዘው ሰው አንሥቶ ፍርድ አደረገው።

ይኸን ታሪክ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየን የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ነው። ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን የተማረ ሐኪም ነው። ከጓደኞቹ ጋር ስለ ሶሻሊዝምና ስለ አገር ነፃነት ሲከራከር ያመሻል፤ ያን ክርክር ስናይ ራሳችንን ያየን ይመስለናል። አገሩ ሲመለስ የሚያገኘው ያ የተመኘው አብዮት ወዳጁን ሲበላ ነው። በመጨረሻ አካሉ ጎድሎ ወደ እናቱ መንደር ሲገባ፣ በዚያም የመንደሩን ወጣቶች ለጦርነት ሲያሳድዷቸው ይደርሳል። የሰፊው ሕዝብ ስም በየአደባባዩ ይጠራል፤ በዋሻ ውስጥ የተደበቀውን የአንዲት እናት ልጅ ግን በስሙ የሚጠራው እናቱ ብቻ ናት።

በቀይ ሽብር ጊዜ የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈይ የተባለች እናት ነበረች፤ አታልቅሺ የተባለችም ነበረች። ልቅሶ ስለ ምን ተከለከለ? እንባ መንግሥት አይገለብጥም። ነገር ግን ልቅሶ «ይኸ ሰው ነበር፤ ስሙ እገሌ ነበር» ብሎ መመስከር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በፎቶግራፍ የተሞላው ስለዚህ ነው። የተወሰደባቸውን ፊት ለየአንዳንዳቸው መመለስ ነው።

«ግለሰብ ግለሰብ ማለት የፈረንጅ አስተሳሰብ ነው፤ የእኛ ሕዝብ በኅብረት የሚኖር ሕዝብ ነው» የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በቀላሉ የሚታለፍ መቃወሚያ አይደለም። እኔም ለራሱ ብቻ የሚኖረውን፣ ጎረቤቱ ሲራብ በሩን የሚዘጋውን ሰው አላወድስም። ነገር ግን የገዛ ባህላችንን ደኅና አድርገን እንመርምር። ደቦ የእገሌን ማሳ ዛሬ፣ የእገሌን ማሳ ነገ ያርሳል እንጂ ባለቤት የሌለው ማሳ አያርስም። በእድር ውስጥ የቀረ ሰው በስሙ ይፈለጋል፤ ታምሞ እንደሆነ ይጠየቃል። የእኛ ኅብረት ሰውን በስሙ የሚያውቅ ኅብረት ነበር። ሰውን ቁጥር የሚያደርገው ኅብረት ከውጭ የመጣው ነው። «እኛ» የሚለው ቃል ከብዙ «እኔ» ካልተሠራ፣ ተናጋሪው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው፤ እሱም በላይ የተቀመጠው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለማኅበራችን የሚተርፈው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ብቻ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በስብሰባችን በድምፅ ብልጫ የተሸነፈው ሐሳብ በቃለ ጉባኤው ላይ እንደ አሸናፊው ሐሳብ በሙሉ ይጻፍ። ብልጫ ውሳኔ ይሰጣል፤ እውነትን ግን አይሰጥም። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ሲቃወመን ለሐሳቡ መልስ ከመስጠታችን በፊት ስም አንስጠው። ዛሬ ተሳዳቢው ብዙ ነው፤ የስድቡም ቃል በአንድ ሌሊት ከሲያትል አዲስ አበባ ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ዋጋ የሚከፍል ሰው ይኖራል። ሦስተኛ፣ አቤንና በዓሉን በኅብረት እናንብብ፤ አንብበንም እንከራከርባቸው።

በመጀመሪያ ስለ ተረት መነጋገር ምን ይጠቅማል ተብሎ ለተጠየቀው መልሴ ይኸ ነው። ልብ ወለድ የአንድን ሰው ልብ ከውስጥ ያሳየናል። ያን ልብ አንድ ጊዜ ያየ ሰው «እርምጃ» የሚለውን ቃል እንደ ቀላል ነገር አይናገርም። መንግሥታትም መጻሕፍትን የሚያሳድዱት ይኸን ስለሚያውቁ ነው።

በር ላይ ድምፁን ዝቅ ያደረገው ወንድማችን አሁን በመካከላችን ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። ውይይቱ ሲከፈት እጁን ያነሣ እንደሆነ፣ የሚናገረውም ነገር ከእኔም ከእናንተም ሐሳብ ጋር የማይስማማ ቢሆን እስከ መጨረሻው ድረስ እናዳምጠው። ስለ ነፃነት የምንጽፈው ሁሉ የሚፈተነው በዚያች ሰዓት ነው።