ስሕተት የሚፈቀድበት ክፍል
ለነርስ ምሩቃን የተደረገ ንግግር



እንደ ዛሬው ምርቃት ባለ የደስታ ጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲናገር የተጠራ እንግዳ ስለ ሙያ ክብርና ስለ ሀገር ፍቅር በሰፊው ተናግሮ ቢቀመጥ ልማዱ ይፈቅድለታል፤ እኔ ግን ከሥነ ሥርዓቱ አስቀድሞ የኮሌጁ መምህራን ወደ መለማመጃው ክፍል ወስደው ያሳዩኝ አንድ ነገር ልቤን ስለ ያዘው፣ የተሰጠኝን ጊዜ በእርሱ ላይ ላውለው ወደድሁ። ነገሩ ጨዋታ ነው። ተማሪው በእጅ ስልኩ የሚጫወተው፣ የሕሙማን ክፍል ከነአልጋው በሥዕል የሚታይበት፣ የሐኪም ትእዛዝ የተጻፈበት ወረቀትና የመድኃኒት ቁም ሣጥን የቀረበበት፣ ለትክክለኛው ሕመምተኛ ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው መንገድና በትክክለኛው ሰዓት መስጠትን የሚያስተምር ጨዋታ ነው።

ከወላጆች መካከል፣ የሰውን ያህል ክቡር ፍጥረት ለማስታመም የሚዘጋጅ ተማሪ በጨዋታ መማሩ ያስደነገጠው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የነርስ ትምህርት ከአሻንጉሊት ጋር ያለው ዝምድና ትናንት የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ በኮኔቲከት የሚገኘው የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት፣ በሮድ አይላንድ ለልጆች አሻንጉሊት ትሠራ ከነበረችው ከማርታ ቼዝ ዘንድ የሙሉ ሰው ቁመት ያላትን አሻንጉሊት አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1911 ተረከበ፤ ተማሪዎቹም «ሚስስ ቼዝ» እያሉ እየጠሯት ሕመምተኛን ማገላበጥንና ማልበስን በእርሷ ላይ ተማሩ፤ ቆይቶም መርፌ መውጋት የሚለማመዱበት ክንድ ተሠራላት። በኖርዌይም አሻንጉሊት ይሠራ የነበረው ኦስሙንድ ላርዳል፣ ትንፋሹ ለቆመበት ሰው ትንፋሽ መስጠትን የምታስተምረውን «አን» የተባለችውን አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 አወጣ። ከሁለቱም በመካከል፣ ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ በተማረው የወናፍ ጥበብ፣ አብራሪን ከምድር ሳያነሣ በረራ የሚያስተምር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1929 ሠርቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ የጀማሪን ስሕተት ዋጋ ከሰው ሥጋ ላይ አንሥተው በእንጨት፣ በጨርቅና በጎማ ላይ አኖሩት።

በአገራችንም አበው ይህን ያውቁ ነበር። የቅኔ ተማሪ ገና በጀማሪነቱ፣ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ሲቆጥር ከዋለ በኋላ፣ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናውን ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ ባልንጀሮቹም እየሰሙ ይነግራል፤ መምህሩ የተሳሳተችውን ቃል ነቅሶ ያወጣታል፤ ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። በማኅሌት መካከል ቆሞ ቅኔ ከመዝረፉ አስቀድሞ የሚሳሳትበት ስፍራና ስሕተቱን የሚሰማለት መምህር ተሰጥቶታል ማለት ነው። መድኃኒት መስጠትን የሚማር የእኛ ተማሪ ግን ብዙ ዘመን እንዲህ ያለ ስፍራ አልነበረውም፤ ከመጽሐፉ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሕያው ሰው ክንድ ይሄድ ነበር፤ ከበስተኋላው የሚቆመው መምህር አንድ፣ ተማሪዎቹ ግን ብዙ ነበሩ።

የጨዋታውን ጥቅም በአንድ መድኃኒት ላይ ብቻ ላሳያችሁ። በእርግዝናዋ ወራት የደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ የመንቀጥቀጥ አደጋ ያሠጋት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ይታዘዝላታል፤ በመጀመሪያ በደም ሥር የሚሰጠውም 4 ግራም ነው። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን 50 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ይይዛል፤ ስለዚህ ተማሪው 8 ሚሊ ሊትር ቀድቶ፣ 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ጨምሮ፣ 20 ሚሊ ሊትር የሚሆን 20 በመቶ ውሑድ ማዘጋጀት፣ ይህንንም ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀስ እያለ መስጠት አለበት። ይህ ሒሳብ በሰሌዳ ፊት ቀላል ነው፤ በእኩለ ሌሊት፣ እናቲቱ እያቃሰተች፣ ባሏ ከደጃፍ እየተጣራ፣ ብቸኛዋ ተረኛ ነርስ ስትሠራው ግን ቀላል አይደለም። ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ አስቀድሞ ደግሞ የእናቲቱ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 ማነስ አለማነሱ፣ ጉልበቷ ቀስ ተብሎ ሲመታ እግሯ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱ፣ ሽንቷም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሙላት አለመሙላቱ መታየት አለበት። ከእነዚህ አንዱን ሳይመረምር «ስጥ» የሚለውን የተጫነውን ተማሪ ጨዋታው አይገሥጸውም፤ የእናቲቱ ትንፋሽ እየቀነሰ ሲሄድ በዓይኑ ያሳየዋል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት በየትኛው መሳቢያ እንዳለ አስታውሶ እንዲከፍት ጥቂት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ነገሩን ሁሉ ወደ ኋላ መልሶ፣ ስሕተቱ መርፌው ሲገባ ሳይሆን ከዚያ በፊት ሽንቷን ሳይለካ ባለፈበት ጊዜ መጀመሩን ያስረዳዋል። እኔ በተማርሁበት ዘመን እንዲህ ያለውን ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ አላየሁም፤ መጽሐፍ የመጠኑን ልክ ይነግራል እንጂ የስሕተትን ጕዞ ከመነሻው አያሳይምና።

ከጨዋታው ክፍሎች ሁሉ አብልጬ የወደድሁት ተማሪውን የሚያቋርጠውን ነው። ተማሪው በሲሪንጁ ቀድቶ ሲያበቃ ስልክ ይጮኻል፤ ወይም የአንዱ ሕመምተኛ እኅት መጥታ ስለ ግሉኮሱ ማለቅ ትናገራለች፤ ወይም ሐኪሙ ከሌላው አልጋ ይጠራል። በሲድኒ ከተማ በሁለት ሆስፒታሎች ውስጥ 98 ነርሶች 4,271 ጊዜ መድኃኒት ሲሰጡ በዓይን በመከታተል የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት፣ እያንዳንዱ መቋረጥ የአሰጣጥ ሥርዓት ጉድለትን በ12.1 በመቶ፣ የሕክምናውን ስሕተትም በ12.7 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጨዋታው ተማሪውን የሚያለማምደው ሁለት ነገር ነው፤ «ይቆዩኝ» ማለትንና፣ ማለት ካልተቻለም ሲሪንጁን አስቀምጦ ተመልሶ ሲመጣ ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው መጀመርን። ለታላቅ መታዘዝን ከጡት ጋር ለጠባን ለእኛ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ሽበት ላበቀለ ሐኪም «ይቆዩኝ ዶክተር፣ መድኃኒት እየቀዳሁ ነው» ማለቷ ቀላል ነገር አይደለም። ድፍረቱ በአፏ ላይ እንዲለመድ አስቀድማ ደጋግማ ልትለው ይገባል፤ ይህንንም በጨዋታ ከመልመድ የሚሻል መንገድ አይታየኝም።

ይህ ጨዋታ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ የመጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላመሰገንሁት ነበር። የሌላ አገር ጨዋታ የእኛን ሰዓት አያውቅም። በሐኪሙ ትእዛዝ ላይ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ለእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከተነበበ ግን ከቀትር በኋላ ይሆናል፤ በሁለቱ ንባብ መካከል ያለው 6 ሰዓት በትኩሳት ለሚነድ ሕፃን እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። የስማችንንም ነገር አያውቅም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚገናኙ ሁለት ሕሙማን ተኝተው ሊገኙ ይችላሉ፣ ስለዚህ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ካልተጨመረ መለየት አይቻልም። ደግሞም አንዲትን ባልቴት «ወይዘሮ እገሊት ነዎት?» ብሎ የጠየቀ ነርስ፣ ጆሯቸው ባይሰማም ከትሕትናቸው የተነሣ «አዎን ልጄ» ሊሉት ይችላሉና፣ ጨዋታው ይህን ጥያቄ ስሕተት አድርጎ ይቆጥርበታል፤ «እማማ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ያለውን ግን ያሳልፈዋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ፣ ወይም በረመዳን የሚጾሙ ሕመምተኛ ክኒኑን ከትራሳቸው ሥር አኑረው «ወስጃለሁ» ቢሉ፣ ተማሪው መቆጣትን፣ ዝም ብሎ መመዝገብን፣ ወይም ቁጭ ብሎ ከእርሳቸውና ከሐኪሙ ጋር ስለ ሰዓቱ መመካከርን እንዲመርጥ ይደረጋል። መምህራኑ ይህን ሁሉ ከየሕሙማኑ አልጋ አጠገብ ለቅመው ማስገባታቸውን ሳይ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ ሕዝቡ በሚኖርበት ስፍራ ያስተምር የነበረበትን ሐሳብ አስታወስሁ።

ጨዋታ የማያስተምረው ነገር መኖሩን መምህራኑ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የአምፑሉ አንገት ሲሰበር በጣት ላይ የሚሰማው፣ የሚወራጭ ሕፃን ክንድ፣ የጠፋ ደም ሥር፣ እነዚህ በስልኩ መስተዋት ላይ አይዳሰሱም። በጨዋታው ብዙ ነጥብ ያገኘ ሁሉ ብቁ ነርስ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። እኔ ከጨዋታው ወደ ሕሙማኑ ክፍል ይሻገር የምለው ነጥቡን ሳይሆን ስሕተትን በግልጽ ማሳየቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመድኃኒት ስሕተት ምክንያት በየዓመቱ በዓለም ላይ የሚባክነውን ገንዘብ 42 ቢሊዮን ዶላር ያህል አድርጎ ገምቶ፣ ሊወገድ የሚችለውን ከባድ ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአገሮች ሁሉ ጥሪ አቅርቧል። ይህ ጥሪ በትእዛዝ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ለምሳሌ፣ ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በፍጥነት በደም ሥር ቢሰጥ ልብን ያቆማል፤ አምፑሉም የመርፌ ውኃን ይመስላል፤ በብዙ አገር ከየክፍሉ ቁም ሣጥን ወጥቶ በፋርማሲ ብቻ እንዲቀመጥ የተደረገው፣ የተሳሳቱት ወይም ስሕተቱን ያዩት ሰዎች በግልጽ ስለ ተናገሩና የተነገራቸውም ስለ ሰሙ ነው። እነዚያ ሰዎች ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ አምፑሉ ከውኃው ጎን ተቀምጦ ይቀር ነበር።

እዚህ የተቀመጣችሁ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ በትሕትና አንድ ነገር ላሳስባችሁ። መድኃኒት ተሳስታ ልትሰጥ ስትል ራሷን ያቆመች ነርስ መጥታ ብትነግራችሁ፣ በጨዋታው እንደሚደረገው፣ ማን እንዳደረገው ከመጠየቃችሁ በፊት ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቋት፤ የትእዛዙ ጽሑፍ ይነበብ ነበርን? ሁለቱ ብልቃጦች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበርን? በዚያች ሌሊት ለስንት አልጋ ስንት ነርስ ነበረች? ስለ ተናገረች ደመወዟ የተቀነሰባት ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ አትናገርም፤ ባልደረቦቿም ከእርሷ ዝም ማለትን ይማራሉ።

ለእናንተም ለምሩቃን ልጆቼ አንድ ሥራ አለኝ። ወደየምድብ ቦታችሁ በሄዳችሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ልትሳሳቱ ስትሉ የተመለሳችሁበትን ወይም ሌላው ሊሳሳት ሲል ያያችሁትን ጻፉ። የሕመምተኛውንም የባልደረባችሁንም ስም አትጥቀሱ፤ ሰዓቱን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ብልቃጡ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ በዚያ ጊዜ ማን ወይም ምን እንዳቋረጣችሁ ግን ሳታስቀሩ ጻፉና ለመምህራኖቻችሁ ላኩ። ክቡር የኮሌጁን ዲን ቀደም ብዬ ለምኛቸው፣ የምትልኩትን ለመጪው ዓመት ተማሪዎች ወደ ጨዋታው እንደሚያስገቡት ቃል ገብተውልኛል፤ ግልባጩ ለእኔም እንዲደርሰኝ እለምናለሁ።