ስለ ሌሊት የጥርስ መከለያ ምቾት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው አጠገቡ የሚተኛው ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሰውየውን ወደ ጥርስ ሐኪም የሚያመጣው የባለቤቱ ምሬት ነው፤ «ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ወፍጮ ቤት የማድር ይመስለኛል» ትላለች። አለዚያም ጧት ሲነሣ መንጋጋው የሚዝልበት፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ የሚያመው፣ ምክንያቱን ሳያውቅ የጥርሱ ሙሌት በየጊዜው የሚሰነጠቅበት ሰው ይሆናል። ሐኪሙም መርምሮ የሌሊት የጥርስ መከለያ ያዝለታል፤ ልኬት ይወሰዳል፤ መከለያው ይሠራል፤ ገንዘብ ይከፈላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ መከለያው ሲጠየቅ «መሳቢያ ውስጥ አለ» የሚለው መልስ ለሙያው ባልደረቦች እንግዳ አይደለም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ በመሳቢያ የቀረው መከለያ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በታካሚው ላይ ነው፤ ትዕግሥት አጣ፣ ሊለምደው አልፈለገም ይባላል። ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ግን የምቾት ማጣቱ መነሻ ከሐኪሙ ወንበርና ከቴክኒሽያኑ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። መከለያው ጥርስን የሚጠብቀው አፍ ውስጥ ባደረበት ሌሊት ብቻ በመሆኑ፣ ምቾቱ የሥራው ጥራት ዋና ክፍል ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።

መሣሪያው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 የቪየናው የጥርስ ሐኪም ሞሪትስ ካሮሊ ጥርስን ማፋጨት የጥርስን ደጋፊ አካላት እንደሚጎዳ ገልጾ የንክሻ መከለያ ይጠቀም ነበር። በ1907 ማሪና ፒየትኪየቪች የተባሉ ሐኪሞች በፈረንሳይ «ብሩክሶማኒ» የሚል ስም አወጡለት፤ ዛሬ የተለመደው «ብሩክሲዝም» የተባለው ቃል በጽሑፍ የወጣው በ1931 ነው። ቆይቶም በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ራምፍዮርድና አሽ ያስፋፉት፣ ከጠንካራ አክሪሊክ የሚሠራውና የላይኛውን ጥርስ ሁሉ የሚሸፍነው ጠፍጣፋ መከለያ እስከ ዛሬ ድረስ የሌሎቹ ሁሉ መመዘኛ ሆኖ ቆይቷል።

ለረዥም ዘመን የነገሠው አስተሳሰብ ማፋጨት የሚመጣው ከንክሻ አለመስተካከል ነው የሚል ነበር። ይህም ብዙ ጤናማ ጥርስ ያለ አግባብ እንዲሞረድ ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት ግን ሆን ተብሎ ከፍ ያለ ክራውን የተደረገላቸው ሰዎች የሌሊት ማፋጨታቸው እንዳልጨመረ አሳየ። በእንቅልፍ ላቦራቶሪዎች የተደረጉ ምርመራዎችም ነገሩን ግልጽ አድርገውታል። አብዛኛው ማፋጨት የሚከሠተው በቀላሉ እንቅልፍ ውስጥ ነው፤ አስቀድሞ የአንጎል ሞገድ ለጥቂት ሰከንድ ይፈጥናል፣ የልብ ምት ይጨምራል፣ ከዚያም የማኘኪያ ጡንቻዎች በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል እየተኮማተሩ መንጋጋን ያንቀሳቅሳሉ። እንግዲህ ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው፤ ጥርሱ ገፈት ቀማሽ ነው። በ2018 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የጋራ ስምምነትም፣ በሌላ ረገድ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ የሚታየውን ማፋጨት እንደ በሽታ ሳይሆን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል የጡንቻ እንቅስቃሴ እንዲታይ ሐሳብ አቅርቧል።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር መከለያው ማፋጨትን አያድንም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ መከለያ በተደረገ ሰሞን የጡንቻው እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲለካ ግን ወደ ቀድሞው ተመልሶ ይገኛል። የሚገርመው፣ ላንቃን ብቻ ሸፍኖ ንክሻውን የማይነካ ሰሌዳ የተደረገላቸው ሰዎችም ያንኑ ውጤት ማሳየታቸው ነው። በ2007 የወጣው የኮክሬን ግምገማም መከለያ የእንቅልፍ ማፋጨትን ለማከም ያገለግላል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ የጥርስን መበላት በመቀነስ ረገድ ግን ሊጠቅም እንደሚችል ገልጿል። ስለሆነም ለታካሚው የሚነገረው ቃል ከመጀመሪያው እውነተኛ መሆን ይኖርበታል፦ «ይህ ማፋጨቱን አያስቆምልዎትም፤ ከእንግዲህ የሚፋቀው ግን በጥርስዎ ፈንታ ይህ ፕላስቲክ ይሆናል።» ፈውስ ተነግሮት ፈውስ ያላገኘ ሰው መከለያውን በመሳቢያ ቢጥለው የሚያስወቅሰው አይደለም።

መከለያ ከመታዘዙ አስቀድሞ ግን ሰውየው በእርግጥ ዛሬም የሚያፋጭ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የተበላ ጥርስ የሚናገረው ያለፈውን ታሪክ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ ማፋጨት ዛሬ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ደግሞ ጥርስን የሚበላ ምክንያት ብዙ ነው፤ የዘወትር ቆሎና ጥሬ፣ የሎሚና የለስላሳ መጠጥ አሲድ ሁሉም የየራሳቸው አሻራ አላቸው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበትን ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው ኢናሜሉ በቀላሉ የሚቀረፍ ስለሆነ፣ ጥርሱ ሲታይ ከአፋጪ ጥርስ ጋር ሊያሳስት ይችላል፤ በእርግጥ የሚያፋጭ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከሌላው ይልቅ ይከፋበታል። ሕፃናትን በሚመለከት፣ ልጅ በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ «ወስፋት አለበት» ማለት በሕዝቡ ዘንድ የቆየ አባባል ነው። ወስፋት ካለ በምርመራ ታውቆ ይታከማል፤ ማፋጨቱ ብቻውን ግን የወስፋት ማስረጃ አይሆንም። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ከዕድሜ ጋር የሚተው ነገር ስለሆነና መንጋጋቸውም ገና በማደግ ላይ ስለሚገኝ፣ ለእነርሱ መከለያ ለማዘዝ መቸኮል አይገባም።

እንዲሁም ሰውየው ስለሚወስደው መድኃኒትና ስለ ልማዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉት የድብርት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ማፋጨትን ያመጣሉ፤ በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖንም ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ማታ ማታ የሚጠጣ ቡናና አልኮልም ሊዘነጋ አይገባውም። መድኃኒቱን የመለወጥ ሥልጣን ያዘዘው ሐኪም መሆኑ ግን ይታወቃል።

አሁን ወደ መከለያው ሥራ እንመለስ። ታካሚ ሁሉ በመጀመሪያ የሚመርጠው ለስላሳውን ነው፤ በእጁ ሲጨብጠው ይመቻልና። ምርጫው የሚያስተዛዝብ ባይሆንም የሌሊቱ ውጤት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ፣ በ10 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጠንካራው መከለያ በ8ቱ ላይ የሌሊቱን የጡንቻ እንቅስቃሴ ሲቀንስ፣ ለስላሳው የቀነሰው በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንደሆነና በ5ቱ ላይ ጭራሽ እንደጨመረ አመልክቷል። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት በመሆናቸው ይህን ሕግ አድርጎ መያዝ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ለስላሳ ነገር ሲያገኝ እንደ ማስቲካ የሚያኝክ መንጋጋ መኖሩን ሐኪሞች በየዕለቱ ያያሉ። ለስላሳው ቶሎ ይበሳል፤ ንክሻውንም እንደ ልብ ሞርዶ ማስተካከል አይቻልም። በፈላ ውኃ አለስልሶ በመንከስ የሚቀረጸው የሱቅ መከለያም ለጥቂት ሳምንት መሞከሪያ ካልሆነ በቀር ጠርዙ ወፍራም፣ አያያዙም የላላ ነው። ከውስጥ ስስ ለስላሳ ንጣፍ፣ ከውጭ ጠንካራ ገጽ ያለው ዓይነት ጥርሱ ለሚጠዘጥዘው ሰው መካከለኛ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ጠንካራ መከለያ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ሊቆረቁር አይገባም። የሚቆረቁረው ልኬቱ ሲዛባ ነው። አልጂኔቱ ከአፍ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ይኮማተራል፤ ጄሶው ሳይዘገይ ሊፈስበት ሲገባ ወረፋ ይጠብቃል፤ በዚያ ልክ የተሠራው መከለያም ጥርስን እንደ ጠባብ ጫማ ይጨምቃል። ሁለተኛው ምክንያት ውፍረት ነው። በኋለኞቹ መንጋጋ ጥርሶች መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከበቃ፣ ከዚያ በላይ ማወፈር ከንፈር እንዳይገጠም፣ አፍም እንዲደርቅ ያደርጋል። በላንቃ በኩል ያለው ጠርዝ ምላስ የሚውልበት ቦታ ስለሆነ ሳስቶና ተወልውሎ መጨረስ አለበት፤ ምላስ ፀጉርን እንኳ እንደ ገመድ አድርጎ የሚያይ አካል ነው። ቶሎ የሚያቅለሸልሸው ሰው የታችኛውን ጥርስ የሚሸፍን መከለያ የበለጠ ይመቸዋል። ለምቾት ሲባል ግን የፊት ጥርሶችን ብቻ የምትሸፍን ትንሽ መከለያ ለዘወትር መስጠት አደጋ አለው፤ ያልተሸፈኑት ጥርሶች ቦታ ሊለቁ፣ ንክሻው ሊከፈት፣ መከለያዋም በእንቅልፍ ወደ ጉሮሮ ልትገባ ትችላለች።

ሌላው፣ ብዙ ያልተነገረለት ጉዳይ የአክሪሊኩ አበሳሰል ነው። አዲስ መከለያ አፍን አቃጠለኝ፣ መጥፎ ጣዕም አለው የሚል ታካሚ ሲያጋጥም፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ በአክሪሊኩ ውስጥ ሳይዋሐድ የቀረ ሞኖመር ነው። የተለመደው መመሪያ አክሪሊኩን በ74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ8 ሰዓት ያህል አቆይቶ፣ በመጨረሻ በ100 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ማብሰል ነው። ይህ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ እሳቱ ምንም ቢጨመር ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ የመጨረሻው ማብሰል በግፊት በሚዘጋ ዕቃ ቢደረግ ይመረጣል፤ ያ ካልተገኘ ጊዜውን ማራዘም፣ የተጠናቀቀውንም መከለያ ለታካሚው ከመስጠት በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል። በኮምፒዩተር ተነድፎ በማሽን የሚታተመው የዛሬው ረዚንም በአልኮል መታጠቡና በብርሃን በሚገባ መድረቁ ካልተረጋገጠ ከዚሁ ችግር አያመልጥም።

መከለያው አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚደረገው ሥራ ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል። ባለቀለሙ የንክሻ ወረቀት ሲነከስ በሁለቱም ወገን ያሉት የኋላ ጥርሶች በእኩል ኃይል ምልክት መተው አለባቸው። መንጋጋ ወደ ጎን ሲንሸራተት ደግሞ ክራንቻዎቹ ሸክሙን ተቀብለው የኋለኞቹ መላቀቅ ይኖርባቸዋል። አንዲት ነጥብ ከፍ ብላ ከቀረች፣ ታካሚው ያቺን ነጥብ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልጋት ያድራል፤ ጧትም የሚነሣው መንጋጋውን እያሸ ነው። ይህን ማስተካከል ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የታካሚው ወረፋ ረዥም በሆነበት ክሊኒክም ቢሆን ግማሽ ሰዓቱ የሚገባ ነው።

መከለያ ከመስጠት መቆጠብ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ልኬት ከመውሰዱ በፊት ስለ እንቅልፉ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አነስተኛ ጥናት የትንፋሽ መቆራረጥ ካለባቸው ሰዎች መካከል በአንዳንዶቹ ላይ የላይኛው መከለያ ችግሩን እንዳባባሰው አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ መላክ ያለበት ወደ ሌላ ሐኪም ነው።

ታካሚው መከለያውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን እንደሚጠብቀው ይነገረው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ምራቅ ይበዛል፤ ጧት ሲያወልቀው ጥርሱ ለጥቂት ደቂቃ እንግዳ ሆኖ ይሰማዋል፤ ይህ የተለመደ ነው። ከመተኛቱ በፊት መጽሐፍ እያነበበም ሆነ ሬዲዮ እየሰማ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢያደርገው መልመዱን ያፋጥንለታል። አንድን ጥርስ ለይቶ የሚያመው ወይም ንክሻው እስከ ቀትር ድረስ አልገጥም የሚለው ከሆነ ግን «ጥርስዎን ነክሰው ይቻሉት» ሊባል አይገባውም፤ ለማዳን የተሞከረው ያንኑ መንከስ ነውና። ተመልሶ እንዲመጣ ይደረግ። መታጠቡ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ነው፤ ፈላ ያለ ውኃና ፀሐይ የሚመታው መስኮት ቅርጹን ያበላሹታል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት ባይዘገይ ጥሩ ነው። በዚያን ጊዜና ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ታካሚው መከለያውን ይዞ ይምጣ። በገጹ ላይ የሚታየው ጭረት ማንም ያልሰማውን የሌሊት እንቅስቃሴ ያሳያል፤ ወዴት እንደሚንሸራተት፣ በየትኛው ወገን እንደሚበረታ ይነበብበታል። ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም የተበሳ ከሆነ ልኬቱ እንደገና ይወሰድ። የተበሳበት ቦታም በታካሚው ካርድ ላይ ይመዝገብ፤ ቴክኒሽያኑ አዲሱን ሲሠራ በዚያ ቦታ አክሪሊኩን በግማሽ ሚሊ ሜትር እንዲያወፍረው።