ጨርቅ፣ ወረቀትና ሙጫ፤ ኮላዥና የጎንደር የሥዕል ልማድ



ኮላዥ የተባለው የአሠራር ስልት ሲነሣ ከሁለት አስተያየቶች አንዱ መሰንዘሩ የተለመደ ነው። አንደኛው፣ ነገሩ የሕፃናት ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ መቀስና ሙጫ የያዘ ሁሉ ይሠራዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከፓሪስ የመጣ ፋሽን እንጂ ከኢትዮጵያ ሥዕል ጋር ዝምድና የለውም ይላል። ሁለቱንም ለመመርመር ከጎንደር የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚገባ ጎብኚ ቀና ብሎ በጣራው ላይ የተደረደረውን የመላእክት ፊት ይቆጥራል። የጎንደር ሠዓሊ በምን ላይ ይሥል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በጎንደር ዘመን ከተሠሩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አያሌዎቹ በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣሉ አይደሉም። የጥጥ ጨርቅ ይዘጋጅና በተመረገው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቀለሙ ያረፈው በጨርቁ ላይ ነው። ምርጊቱ በስሱ ቢሰነጠቅ እንኳ ጨርቁ ሥዕሉን አያይዞ ያቆየዋል።

የተለጠፈ ግን ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር-ጂቡቲ የጥናት ቡድን ጎንደር በሰፈረ ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቀቀ። የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በምትካቸው ቅጂ ሠራ፤ ዋናዎቹ ወደ ፓሪስ ተጓዙ፤ ዛሬም የሚገኙት በዚያው ከተማ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ለዚህ መንገድ የከፈተው በከፊል አሠራሩ ራሱ ነበር። በእርጥብ ኖራ ላይ የተሣለ ሥዕል እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቀላሉ አይጫንም። ቅጂ ተተክቷል መባሉም ለአጥቢያው ምእመን ምን ያህል መጽናኛ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ይህን አሠራር ኮላዥ ብሎ መጥራት ማጋነን ይሆናል። ጎንደሬው ሠዓሊ ጨርቁን የለጠፈው ከቀለሙ በታች እንዲሰወር ነው። በኮላዥ ግን የተለጠፈው ነገር ማንነቱን ሳይለቅ በሥዕሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተመልካቹም ሁለቱን በአንድነት እንዲያይ ይገደዳል። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ገመድ ሽምን የታተመበትን የጠረጴዛ ሸራ በሥዕሉ ላይ ሲለጥፍ፣ ዙሪያውንም በእውነተኛ ገመድ ሲከብ፣ የፈለገው ይህንኑ ነበር። በዚያው ዓመት ብራክ የእንጨት መልክ የታተመበትን የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ ለጠፈና በላዩ በከሰል ነደፈ። ለንድፍ ባለሙያ የብራክ ሥራ ይበልጥ ያስተምራል። ቀለሙን የወረቀቱ ቁራጭ ስለ ተሸከመው የከሰሉ መስመር ነጻ ወጣ፤ የቁራጩን ጠርዝ ተሻግሮ ሄደ፤ ቅርጽና ቀለም አንዱ የሌላው እስረኛ መሆናቸው ቀረ።

ለዚህ የቀረበ የአገር ውስጥ ምሳሌ የሚፈልግ ከግድግዳው ይልቅ የብራናውን መጽሐፍ ይክፈት። የእንጨቱ ገበታ በድጉስ ቆዳ ሲለበጥ የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በመካከል ባዶ የሚቀረው አራት ማዕዘን ደግሞ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ይሞላል። ጨርቁ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ወይም አበባ የታተመበት ሊሆን ይችላል። ደጓሹ ጨርቁን አልሠወረውም፤ አበባው አበባ ሆኖ፣ ቆዳው ቆዳ ሆኖ ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህ በእርግጥ የኮላዥ ዓይን ነው፤ ስሙን አለማወቁ ሥራውን አያሳንሰውም።

በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕልም ስልቱ እንግዳ አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) በ1964 በሠራውና በእንግሊዝኛ ርእሱ የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ በሚለው ሥራው ላይ ከዘይት ቀለሙ ጋር ኮላዥ አቀናጅቷል። ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመርካቶ የተሰበሰበ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር አካል በማያያዝ ከሩቅ ሲታይ ከአየር የተመለከቱት አገር የሚመስል ገጽ ይፈጥራል። የኤልያስ ብልሃት ከሁሉም በላይ በትዕግሥቱ ላይ ነው፤ ሽቦው ሽቦ መሆኑ የሚታወቀው ቀርበው ሲያዩት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። አሮጌ የብራና ቅጠል በገበያ ሲገኝ ለኮላዥ ሠሪ ፈተና ይሆናል፤ ፊደሉ ያማረ፣ የቆዳው መልክም በቀላሉ የማይገኝ ነውና። ነገር ግን ከመጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ከነታሪኩ ነው የተገነጠለው። በአባ እንጦንስ ግድግዳ ላይ የደረሰውን የሚያወግዝ ሠዓሊ፣ ይህንኑ በመቀስ በትንሹ ሊደግመው አይገባም። ብራና የግድ ካስፈለገ ከብራና ፋቂው ዘንድ አዲስ ፍርፋሪና ቁራጭ ይገኛል።

በደባርቅ ወይም በዳባት ለሚያስተምር የሥዕል መምህርም ዕቃው ሩቅ አይደለም፤ የጆንያ ቁራጭ፣ የነተበ ጥለት፣ ያለፈ ዓመት የግድግዳ መቁጠሪያ፣ የስኳር ወረቀት፣ ጭድ። ጋዜጣ በብርሃን ቶሎ ስለሚበልዝ ለመለማመጃ እንጂ ለሚቆይ ሥራ አይመከርም። የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ተባይ ይስባል። በቀጭን ካርቶን ላይ የሚሠራ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ወረቀት ሲርስ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ካርቶኑንም ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ስለዚህ ከጀርባውም ተመሳሳይ ወረቀት በተመሳሳይ ሙጫ ይለጠፍ፤ ከዚያም ሁለቱ ገጾች እኩል እንዲደርቁ በከባድ መጻሕፍት ተጭኖ ሌሊቱን ይደር። የከሰሉ ንድፍ በማግሥቱ ይጀመር።