የጸሐፊው ስም ወዴት ገባ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም ተጽፎበት መገኘቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ፍቀቱ ስለሚታይ አንባቢው ቀድሞ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ይረዳል። በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ሥራ የጸሐፊ ስም ሲጠፋ ግን ፍቀቱ እንኳ አይታይም።

ይህን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ፣ አምስት ሰዎች በአራት ዓመት የጻፉትንና በነጻ ፈቃድ ለሕዝብ የሚለቀቀውን ፕሮግራም ወደ ጊት እንዳዛውር ታዘዝሁ። የቀድሞውን የለውጥ ታሪክ ማሸጋገሩ ጊዜ የሚፈጅ መስሎ ስለ ታየኝ ፋይሎቹን በሙሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ በራሴ ስም አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን የሚመረምር ሁሉ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የሚያገኘው የእኔን ስም ነው። ከአምስቱ አንዱ ሥራ በፈለገ ጊዜ ሙያውን የሚያስመሰክርበት አጣ፤ እኔም ያልሠራሁትን ስሕተት ሳይቀር ወረስሁ።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ስም ይይዛል፤ ይኸውም የጻፈውንና ወደ መዝገቡ ያስገባውን ነው። በሊነክስ ከርነል ሥራ የአንዱን ማሻሻያ ሌላው ተቀብሎ ማስገባቱ የዘወትር ተግባር በመሆኑ ሁለቱ መለየት ነበረባቸው። እኔ ግን በሁለቱም ስፍራ ራሴን ጻፍሁ።

ነገሩ የምስጋና ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስ ሲ ኦ የተባለው ኩባንያ አይ ቢ ኤምን በከሰሰ ጊዜ የሊነክስ ኮድ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ግድ ሆነ። በ2004 የከርነሉ አበርካቾች ሥራውን ለመስጠት መብት እንዳላቸው በስማቸው እየፈረሙ እንዲያረጋግጡ ተደረገ። ፊርማው የቅጂ መብትን አያስተላልፍም፤ መብቱ በጸሐፊው ወይም በአሠሪው እጅ ይቆያል። ስለዚህም የቪ ኤል ሲ ቪዲዮ ማጫወቻ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ፈቃዱን ከጂ ፒ ኤል ወደ ኤል ጂ ፒ ኤል ለመለወጥ በተነሡ ጊዜ ከ200 በላይ ጸሐፊዎችን እየፈለጉ ማስፈቀድ ነበረባቸው። እኔ ባዛወርሁት ፕሮግራም ማንን ያስፈቅዱ ነበር?

በፋይሉ ራስጌ ያለው የቅጂ መብት መስመር ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም፤ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ፋይሉን ስለ ጀመረው እንጂ ኋላ ስላሻሻሉት አይደለም። ቢሆንም አይሰረዝ፤ ኮዱ ወደ ሌላ ሥራ ሲቀዳ ታሪኩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ራስጌው ግን አብሮ ይሄዳል። የኤም አይ ቲ እና የቢ ኤስ ዲ ፈቃዶችም ማስታወቂያው እንዳይነሣ ያዝዛሉ። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ቈጥሮ ለሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

ባለፈው ዓመት የፕሮግራሙን የቀድሞ ፋይሎች የያዘ ዲስክ ከአንድ ባልደረባ ቤት ተገኘ። የተመዘገበውን ታሪክ እንደገና መጻፍ የለውጦቹን መለያ ቍጥር ስለሚያፋልስና የሌሎችን ቅጂ ስለሚያበላሽ፣ ስማቸውን በተለየ የደራስያን ፋይል ማስፈር ጀምሬአለሁ። የሦስቱን ድርሻ ለይቻለሁ። የሁለቱን ገና እየፈለግሁ ነው።