በእግር የሚደረስበት ሜዳ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በሜኔሊክ አደባባይና አካባቢው ነጋዴዎች ስም የተደረገ ንግግር)

 

ስለ ማኅበራችን ታሪክ ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ አባቶች በዚህ መድረክ ተናግረዋል። ከእኛ ከባለሱቆቹ የተፈለገው ስለ ስፖርት ጥቂት እንድንል ነው። እኛ የስፖርት ባለሙያዎች አይደለንም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒ ጀርባ ቆመን የምንውል ሰዎች ነን። ይሁን እንጂ ባለሱቅ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰው የት እንደሚሰበሰብና ለምን እንደሚሰበሰብ ያውቃል። ስለሆነም የምንናገረው ስለ ጎልና ስለ ዋንጫ ሳይሆን ሰው ስለሚሰበሰብባት ስለ ትንሿ ሜዳ ነው። ዓመቶቹንም የምንጠራው በምንኖርበት አገር ልማድ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከአገር ቤት እንጀምር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የተመሠረተው በ1935 አዲስ አበባ፣ አራዳ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1944 በአዲስ አበባ ውድድር ሲጀመር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን ነበር። አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ የአገራችን የእግር ኳስ ውድድር ሲጀመር ከአምስቱ አራቱ በሰው አገር የሚኖሩ ሰዎች ያቋቋሟቸው ቡድኖች ነበሩ። አርመኑና ግሪኩ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ልክ እንደ እኛ ባለሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ወርቅ ሠሪ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ሠራ፣ ትምህርት ቤቱን ሠራ፣ ከዚያም ቡድን አቋቋመ። በሰው አገር ለሚኖር ሕዝብ ቡድን ቅንጦት አለመሆኑን የተረዱት ከእኛ በፊት ነው።

ከዚያ ወደ ድሬዳዋ እንውረድ። ብዙዎቻችን ወደዚህ የመጣነው በድሬዳዋ በኩል ነውና ከተማዋን ማስተዋወቅ አያስፈልገንም። ሥራው በ1897 ከዚህ ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 እዚያ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በሐዲዱ ምክንያት ተቆረቆረች። ከባቡሩ ጋር ጋራዡ፣ ቀጥሎም ፋብሪካው መጣ፤ ከሠራተኛው መሐል ደግሞ ቡድን ወጣ። በ1960ዎቹ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን የአዲስ አበባን ቡድኖች እያሸነፈ የአገሪቱን ሻምፒዮና በተደጋጋሚ ወስዷል። በ1962 ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በዚሁ በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና በአገራችን ሲዘጋጅ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የተመረጠችው ድሬዳዋ ነበረች። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን እዚያ አደረጉ። ዋንጫውን በመጨረሻ የወሰደችው ሞሮኮም መንገዷን የጀመረችው ከድሬዳዋ ሜዳ ነው።

ድሬዳዋን ለዚህ ያበቃት የሕንፃ ትልቅነት አይደለም። ተመልካቹ ተጫዋቹን ስለሚያውቀው ነው። ቅዳሜ ፋብሪካ ውስጥ አብሮት የዋለው ሰው እሑድ ማሊያ ለብሶ ይወጣል። ጥሩ ሲጫወት «የእኛ ሰፈር ልጅ» ይባላል፤ ሲያበላሽም ሰኞ ጠዋት በሥራ ቦታው የሚቀልድበት አያጣም። በአጥሩ ዙሪያ ቆሎና ለውዝ የምትሸጠው እናት የማን ልጅ የማን እንደሆነ ለይታ ታውቃለች። ሜዳው ከቤት በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ሽማግሌም ይመጣል፣ ሕፃንም ይመጣል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚባል በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ አላቸው። ስማቸው በዓለም ከሚጠራው ትልልቅ ቡድኖች በታች ወጣቶችን የሚያሳድጉ የበታች ሊግ ቡድኖች አሉ። የእነዚህ ቡድኖች ሜዳዎች ብዙ ጊዜ በአነስተኛ ከተሞች የሚገኙ ናቸው። ሰው ልጆቹን ይዞ በአነስተኛ ዋጋ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል፤ ማን እንዳሸነፈ ሳያውቅ ወደ ቤቱ የሚመለስም አለ። በ2021 ግን አሠራሩ ተለወጠና 160 የነበሩት እነዚህ ቡድኖች ወደ 120 ተቀነሱ። ከቀሩት ከተሞች አንዳንዶቹ ሌላ ዓይነት ሊግ አግኝተው ሜዳቸውን አቆዩ። ውሳኔው በሂሳብ ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኛም ነጋዴዎች ነን፣ ሂሳብ እናከብራለን። ነገር ግን በዚያ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ አንድ ትርፍ አለ፤ እሱም ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚተያይበት ምሽት ነው።

ተመሳሳይ ነገር በአገራችንም ሆኗል። ከ2020/21 የውድድር ዘመን ጀምሮ በወረርሽኙና በቴሌቪዥን ስርጭቱ ምክንያት የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ወደ ጥቂት ከተሞች ተሰበሰቡ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ጨዋታው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ተካሄደ። ስርጭቱ ማለፊያ ነው፤ እኛም እዚህ ሆነን የአገራችንን ቡድኖች አየን። ነገር ግን የሶዶና የሆሳዕና ሰው በቤቱ ሜዳ ሲደግፈው የኖረውን ቡድን እንደ እኛው በመስኮት ይመለከት ጀመር።

ከዚህ የሚብሰውን ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በስታዲየሞች ላይ ያወጣውን መመዘኛ የሚያሟላ ሜዳ ስለታጣ ከ2021 ወዲህ ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያም የጅቡቲም ብሔራዊ ቡድኖች «የሜዳችን ጨዋታ» ያሉትን በሰው አገር ሲጫወቱ ቆይተዋል። ኢትዮጵያ በሰኔ ወር 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ጨዋታው የተደረገው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። እንዲያ ያለ ድል በአዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ካምቦሎጆ ዙሪያ እስከ ሌሊት ሰው ባልተኛ ነበር።

የመኖሪያ አገራችንና የትውልድ አገራችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲገናኙስ? በሰኔ 2024 የጅቡቲ ሜዳ ነው የተባለው ጨዋታ 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። በመጋቢት 2025 የኢትዮጵያ ሜዳ ነው የተባለው ደግሞ 6 ለ 1 በኢትዮጵያ አሸናፊነት አለቀ። ሁለቱም የተደረጉት በሞሮኮ ነው። በሐዲድ የተሳሰሩ፣ በአንድ ወደብ የሚኖሩ፣ በጋብቻ የተዛመዱ ሁለት ጎረቤቶች ለመጫወት አህጉሩን አቋርጠው ሄዱ። እዚህ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ ያለን ሰዎች፣ ልባችን ለሁለቱም የሚመታ፣ ልጆቻችን ለሁለቱም የሚጮሁ፣ ጨዋታውን በስልክ መስኮት ላይ ተደራርበን ተከታተልን። በእግራችን ልንደርስበት የሚገባን ጨዋታ ነበር።

ይህን ሁሉ ያልነው ትልልቆቹን ስታዲየሞች እንድናስተካክል አይደለም፤ አቅማችንም ሥልጣናችንም አይደለም። በእጃችን ስላለው ነገር እንነጋገር።

ይህ አደባባይ በይፋ ስሙ የሰኔ 27 አደባባይ ነው፤ በ1977 ጅቡቲ ነጻ የወጣችበት ቀን ነው። እኛ ግን በፈረንሳይኛው አነጋገር ሜኔሊክ እያልነው ኖረናል። እዚህ ካፌ አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አለ። ነገር ግን ካፌ ለመቀመጥ መክፈል ያስፈልጋል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ዓርብ ከሰዓት የምታገኛትን ዕረፍት አንድ ቡና ገዝታ ስንት ሰዓት ልትቀመጥባት ትችላለች? ትናንት በባቡር ወይም በጭነት መኪና የደረሰ፣ ቋንቋ የማያውቅ ወጣትስ የት ሄዶ የአገሩን ሰው ያገኛል? ልጆቻችን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራሉ፤ ይህ ሀብታቸው ነው። አማርኛን ግን ከእናታቸው ብቻ ከሰሙት የቁጣና የትእዛዝ ቋንቋ ይሆንባቸዋል። ሰው ሲስቅበት፣ ሲከራከርበት፣ «አቀብለው! ተመለስ! ጎበዝ!» ሲልበት መስማት አለባቸው።

ማኅበራችን ዕድር አለው፤ በሐዘን ቀን ይሰበስበናል። ሠርግና ክርስትና፣ ዒድና ፋሲካ አሉ፤ በደስታ ቀን ይሰበስቡናል። ሐዘንም ደስታም በሌለበት በተራው ቀን የሚሰበስበን ግን የለም። ሰው ደግሞ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በተራው ቀን ነው። ሥራ የሚያጣው፣ የሚታመመው፣ ከአሠሪው ጋር የሚጣላው፣ ተስፋ የሚቆርጠው በተራው ቀን ነው።

ትንሽ ሜዳ ከትልቅ ስታዲየም የምትበልጠው በዚህ ነው። በሃያ ሺህ ሰው መካከል አንድ ሰው ቢቀር የሚያውቅ የለም። ሰማንያ ሰው በሚቆምበት መስመር ዳር ግን አንዱ ሲቀር «እገሌ ዛሬ የት ሄደ?» ይባላል። አንዱ ስልክ ይደውላል፣ ሌላው ቤቱ ይሄዳል። ማኅበር ማለትም ይኸው ነው፤ የቀረ ሰው የሚጠየቅበት ቦታ ነው።

በአሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን ይህን ቀደም ብለው ተረድተዋል። በ1984 በሂውስተን ከተማ የጀመሩት የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ውድድር ያዘጋጃል። ወደዚያ የሚጎርፈው ሰው ሁሉ ኳስ ወዳድ እንዳይመስላችሁ። አብሮ አደጉን ፈልጎ የሚመጣ አለ፣ እንጀራ ሊሸጥ የሚመጣ አለ፣ ልጁን ሊያሳይ የሚመጣ አለ። ልዩነቱ እነሱ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚገናኙት፤ እኛ በአንድ ከተማ የምንኖር ሰዎች በየሳምንቱ መገናኘት እንችላለን።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ለኢዮቤልዩ በተዋጣው ገንዘብ ላይ ለአባላት ሁለት ሐሳብ መቅረቡን ታውቃላችሁ። አንደኛው በሆቴል አዳራሽ ታላቅ የእራት ግብዣ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ዓመት ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ትንሽ ሜዳ መከራየት ነው። የግብዣውን ሐሳብ ያቀረቡትን ወንድሞች እናከብራለን፤ እንግዳ መቀበል የአገራችን ወግ ነው። ሆኖም ግብዣው በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ የሚገባውም ካርድ የደረሰው ነው። ሜዳው ካርድ አይጠይቅም። ስለዚህ እኛ የአካባቢው ነጋዴዎች ድምፃችንን ለሜዳው ሰጥተናል።

በቃል ብቻ እንዳይሆንም ድርሻችንን እንናገራለን። ኳስና መረብ፣ የመስመር ኖራ፣ ውሃና በረዶ በየሳምንቱ ከሱቆቻችን በተራ ይወጣል። ፀሐዩን ስለምታውቁት ለእናቶችና ለሽማግሌዎች የሸራ ጥላ እንተክላለን፤ ጨዋታውም ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከዓሥር ሰዓት በኋላ ይጀመራል። ሴቶች ልጆቻችን የራሳቸው ሰዓት ይኖራቸዋል። የጎረቤቶቻችን የጅቡቲያውያን ልጆች ሲመጡ ከእኛ ልጆች ጋር ተቀላቅለው ይሰለፋሉ፤ «የአበሾችና የአገሬው» እየተባለ የሚከፈል ቡድን አይኖርም። የዚህ አገር ሕዝብ ከተማውን ሲያካፍለን ኖሯል፤ እኛ ደግሞ ኳሳችንን እናካፍላለን። ማሊያው ላይ የሱቅ ስም አይጻፍበትም። ሻይና ቆሎ የሚሸጡ እህቶቻችን በሜዳው ዳር ያለ ኪራይ ይሠራሉ።

ከእናንተ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አባቶች ዓርብ ከሰዓት ከሚቀመጡበት ላይ ሁለት ሰዓት ቀንሳችሁ መስመር ዳር ቁሙ። ኳስ የማትወዱም ኑ፤ ዳኛውን የሚመክር አይጠፋምና እናንተ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። በቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁም የዓርቧን ከሰዓት ሙሉውን ስጧት፣ መንገዱንም አሳዩአት። አዲስ የመጣ ሰው ስታገኙ አድራሻ ከምትነግሩት እጁን ይዛችሁ አምጡት።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ለብሔራዊ ቡድን የሚደርስ ይኖር ይሆናል፤ ለየትኛው ብሔራዊ ቡድን እንደሚሰለፍ እሱ ይወስን፣ እኛ ለሁለቱም እናጨበጭባለን። ባይደርስም አይቆጨንም። አድጎ ሌላ አገር ሲሄድ ስለ ጅቡቲ ሲጠየቅ አባቱና የጎረቤቱ አባት ስሙን እየጠሩ የጮሁበትን አቧራማ ሜዳ ካስታወሰ የከፈልነው ኪራይ ተመልሷል።

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው የአባላት ስብሰባ ላይ ነው። ሁላችሁም እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን። ማኅበራችንን፣ የተቀበለችንን ጅቡቲንና አገራችንን ኢትዮጵያን ፈጣሪ ይባርክልን።