ካርታው ሲሸነሸን ውኃውን ማን ጠየቀው?

(በወረታ ከተማ መስፋፋትና በፎገራ ሜዳ ዕጣ ላይ ለቤት ፈላጊ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቤት የሌለው ሰው ቤት ልሥራ ማለቱ መብቱ ነው። ደመወዙን ለአከራይ ገብሮ፣ ልጆቹን ይዞ በየዓመቱ ከግቢ ግቢ የሚንከራተተውን መምህርና ነርስ «ቦታ አትጠይቅ» የሚል የለም። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ታድጋለች፤ ማደጓም ደግ ነው። ጥያቄው «ወዴት ትደግ?» የሚለው ነው።

ይህን ለመመለስ ሜዳውን ማወቅ ያስፈልጋል። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። ጣና የተኛው ደግሞ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት እየጋለበ የመጣ ውኃ ፎገራ ሲደርስ ይደክመዋል፤ የተሸከመውን አፈር ይጥላል፤ ዳሩን ጥሶ ይንጣለላል። ሜዳውን የሠራው ይኸው ጎርፍ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራው በዚህ ሣር ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ሩዝ ለምዶ የቀረውም በዚህ ውኃ ነው። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ላይ ነው። ሩዙ ሲነሣ በቀረችው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ፓምፕ ያለው ደግሞ ሽንኩርት ያወጣል። እንዲህ ያለውን መሬት በሲሚንቶ መክደን ጎተራውን አፍርሶ በእንጨቱ ቡና ማፍላት ነው!

«ታዲያ የት እንሥራ?» ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያ የት እንደማይሠራ እንነጋገር።

የ1998 ክረምት አይረሳም። ድሬዳዋንና ኦሞን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ፎገራንም አልማረም፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። «አሁንማ የርብ ግድብ ተሠርቷል» የሚሉ አሉ። ግድቡ የሚይዘው ግን የርብን ውኃ እንጂ የጉማራን አይደለም። በ2012 ክረምትም ሜዳው እንደገና ተጥለቅልቋል። ገንዘብ ያለው ቦታውን በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ አድርጎ ይሠራል፤ ውኃው ግን አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ሀብታሙ ያመለጠውን ጎርፍ ድኻው ይቀበላል ማለት ነው። አፈሩም መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ውኃው ቅርብ በሆነበት ቦታ የተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይሞላና ከመጠጡ ጉድጓድ ጋር ይቀላቀላል። ይህን ካርታው ላይ ማን አሳያችሁ?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ ሰጥቶታል። አንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። አንቀጽ 92 ሰዎች በቀጥታ በሚነካቸው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሙሉ ምክክር ይደረግ፣ ሐሳባቸውም ይሰማ ይላል። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ከለከለ፤ የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ ክፍት ይሁን አለ። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ የፕላን ዝግጅት ነዋሪውን ማሳተፍ አለበት አለ። በ2007 ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌር መዝገቡ አስፍሯል። በሜዳው ላይ ያሉት የወላላና የሸሸር ረግረጎች ወፎች የሚያርፉባቸው ናቸው፤ እነሱም በእርሻና በውኃ ጠለፋ እየሟሸሹ ነው።

የካሳውንም ነገር እንይ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ገበሬው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት አስቀድሞ ስለ ሥራው ምክክር ይደረግ ይላል። ተመሳሳይ መሬት ካልተገኘለት በ3 ዓመት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ 15 እጥፍ ይከፈለው ይላል። በ1997 ከወጣው ሕግ 10 እጥፍ ይሻላል። ነገር ግን እዚያው አዋጅ ውስጥ «በአስቸኳይ ሲፈለግ» የምትል በር አለች፤ በዚያች በር ስንት ነገር ሊያልፍ እንደሚችል እናንተ ታውቃላችሁ። ደግሞስ በየዕለቱ ዋጋ በሚንርበት አገር የ15 ዓመት ገቢ ተጠቅልሎ ሲሰጥ ስንት ዓመት ይዘልቃል? ገበሬው ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይድራል፣ የተረፈውን ይነግድበታል፤ ነግዶ አያውቅምና ይከስራል። መጨረሻው በገዛ መሬቱ ላይ የተሠራ ግቢ ዘበኛ መሆን ነው። ልጁስ?

ያገራችን ገበሬ «ለልማት ነው» እየተባለ የተነጠቀበትን ዘመን ያስታውሳል። በ1989 በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድል «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» እየተባለ መሬቱ የተቆረሰበትን ሰው ጠይቁት። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላንም ከ2006 ጀምሮ ደም ካፋሰሰ በኋላ በጥር 2008 ቀረ ተባለ። ያ ሁሉ ሰው ከመሞቱ በፊት ገበሬው ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይጎዳ ነበር? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!

ስለዚህ በማኅበር የተደራጃችሁ ሁሉ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ቦታው በ1998ቱና በ2012ቱ ጎርፍ ውኃ የተኛበት ነው ወይ? ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልግም፤ የቀበሌውን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፣ ውኃው የደረሰበትን በከዘራው ያሳያችኋል።

ሁለተኛ፣ የአካባቢ ጥናቱ የታለ? «አለ» ብቻ አይበቃም፤ ወረቀቱን አሳዩን በሉ።

ሦስተኛ፣ ሩዝ የማያበቅለው፣ ከጎርፉ በላይ ያለው ድንጋያማው ዳርቻ ለምን አልተመረጠም? በከተማዋ ውስጥ ታጥሮ ያለ ሥራ ጾሙን የሚያድረው ቦታስ የማን ነው?

አራተኛ፣ ባለ ይዞታው ካሳውን በእጁ ይዟል ወይስ በወሬ ነው? ከተማው ወደ እሱ ከመጣስ እንደ እናንተው ቦታ አግኝቶ አብሯችሁ ይኖራል ወይ?

አራቱም ካልተመለሱ የሚሰጣችሁ ካርታ ወረቀት ነው። ባለሥልጣን ይሻራል፣ ኮሚቴው ይበተናል፣ ማኅተሙም ይለወጣል። ርብና ጉማራ ግን በየክረምቱ ይመጣሉ። ያን ጊዜ በራችሁን ሲያንኳኩ «ካርታ አለን» ብትሏቸው ማንበብ አይችሉም።