«ቆዳዋን አቃጠሏት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

(አንድ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ለጤና ዘጋቢዎች ካደረገው ንግግር የተወሰደ)



ንስሐ ለመግባት ነው የመጣሁት ብል አትሳቁብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለጡት ካንሰር ውጭ አገር በጨረር ታክመው የተመለሱ አንዲት እናት ደረታቸው ጠቁሮና ተልጦ ባይ ጊዜ «ሐኪሞቹ ቆዳዋን አቃጠሏት» ብዬ ዜና ሠራሁ። ጋዜጣው በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ አስጠሩኝ።

«ለመሆኑ ቆዳቸው ላይ ያረፈው መጠን ስንት ነበር?» አሉኝ።

ምን ልመልስ? ቁጥሩን መች ጠየቅሁና!

ከፍተኛ ኃይል ያለው የፎቶን ጨረር እንደ እሳት ከላይ ጀምሮ አይለበልብም። ፎቶኖቹ ሰውነት ውስጥ ገብተው ኤሌክትሮኖችን ይገፋሉ፤ እነዚህ ወደ ፊት እየሮጡ ስለሚበረክቱ መጠኑ ጣሪያ የሚነካው ከቆዳ በታች ነው። በኮባልት 60 ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በ6 ሜጋቮልት 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በ18 ሜጋቮልት ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ግድም። (ጥቁር አንበሳ በ1997 እ.ኤ.አ. የጨረር ሕክምና ሲጀምር በኮባልት ነበር።)

ታዲያ እኒያ እናት ለምን ተላጡ? ጨረሩ ጡትን በጎን ጨርፎ ሲያልፍ የቆዳው ድርሻ ይጨምራል። የጨረሩ ስፋት ሲሰፋ ከማሽኑ ጭንቅላትና ከአየሩ የሚፈናጠሩት ኤሌክትሮኖችም ይበዛሉ። ዕጢው ለቆዳ ከቀረበ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ፣ አስቦበት፣ ቦለስ የሚባል ለስላሳ ንጣፍ ደርቦ መጠኑን ወደ ላይ ይስበዋል። ጣሪያው 50 ግሬይ ቢሆን 20 በመቶ ለቆዳ ሲደርስ 10 ግሬይ ነው፤ 80 በመቶ ሲደርስ 40! የኔ ዜና ይህን ሁሉ ዘሎታል።

መለካቱስ ቀላል መስሏችኋል? ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው የቆዳ ሽፋን ከላይ 0.07 ሚሊ ሜትር ግድም ላይ ያለ ስስ ነገር ነው፤ መጠኑ ደግሞ በሚሊ ሜትር ውስጥ ሽቅብ ይተኮሳል። የተለመደው የጣት ቅርጽ ያለው መለኪያ ግድግዳው ስለሚወፍር ስለ ላይኛው ቆዳ ሲጠየቅ ስለ ውስጡ ይመልሳል። ጠፍጣፋዎቹ ይሻላሉ፤ ግን ትናንሾቹ ከጎን ግድግዳቸው በሚገቡ ኤሌክትሮኖች የተነሳ አጋነው ያነብባሉ፤ ማረሚያ ይሻሉ። ሲሞቁ ብርሃን የሚሰጡ የሊቲየም ፍሎራይድ ቅንጣቶች በሽተኛው ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ። ግን እነሱም ውፍረት አላቸው፤ ስለዚህ በተለያየ ውፍረት ለክቶ ወደ ዜሮ ማስላት ነው። በጨረር የሚጠቁር ፊልምም አለ፤ ስስ ነው፣ ግን ቀለሙ እስኪረጋ መታገሥን ይጠይቃል።

እንዲያው በአንድ ማሽን ላይ ሁለት መለኪያ ሁለት መልስ ይሰጣል ማለት ነው። ሰውየው «መጠኑን ስትጠይቅ በምን እንደተለካም ጠይቅ» ያሉኝ ለዚህ ነበር።

ማስተካከያ ጻፍኩ። በውስጥ ገጽ፣ ከግርጌ፣ በአራት መስመር ወጣ። የመጀመሪያው ዜና ግን ፊት ገጽ ላይ ነበር።